የጌም ማፍጠኛ ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ፒሲዬ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ግራፊክስ ካርዱ መካከለኛ የሚባል ነው። ጌም ስጀምር ደህና ይሄድና ትንሽ ቆይቶ ስታክ እያደረገ ያናድደኛል። ጓደኞቼ «ማፍጠኛ ጫንበት» አሉኝ። ጫንኩ። «ፒሲዎ 40 በመቶ ፈጥኗል» ብሎ አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ፣ ጌሙ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰበት ይመስለኛል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሶፍትዌሩ?

መልስ፦ ያንተ አይደለም ወንድሜ። ያቺ 40 በመቶ ግን ከየት መጣች? ጌሙ ሳይከፈት ምኑን ለክቶ ነው ፈጠነ የሚለው?

እነዚህ ማፍጠኛዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ቀላል ነገር ነው። ከጀርባ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ይዘጋሉ፣ የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ከፍተኛ ይቀይራሉ፣ ለጌሙ ቅድሚያ ይሰጣሉ። ሬዘር ኮርቴክስን የመሳሰሉት የታወቁትም ዋና ሥራቸው ይኸው ነው። መጥፎ አይደለም። 8 ጊጋባይት ራም ይዘህ ብሮውዘርህ ላይ ብዙ ገጽ ከፍተህ የምትጫወት ከሆነ ያንን መዝጋት በእርግጥ ይረዳል፤ ግን እሱን በእጅህ ለመዝጋት ሶፍትዌር አያስፈልግህም፣ ዊንዶውስም ከ2017 ጀምሮ የራሱ «ጌም ሞድ» አለው።

እኔ የምጠላው «ራም አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ነው። ዊንዶውስ ትርፍ ራም ሲያገኝ ዝም ብሎ አያስቀምጠውም፣ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ይይዝበታል፣ ሌላ ፕሮግራም ሲፈልገው ደግሞ ወዲያው ይለቅለታል። አጽጂው መጥቶ ሁሉንም ሲያራግፈው ቁጥሩ ያምራል፣ አንተም ደስ ይልሃል፣ ነገር ግን ጌሙ ከአፍታ በኋላ ያንኑ ዳታ ሲፈልግ ከዲስክ እንደገና ማምጣት ግድ ይሆንበታል፣ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ስለዚህ መሃል ላይ ቆም ይላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ጌሞች መጀመሪያ ስትከፍታቸው «ሼደር» የሚባሉ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሆኑ ትናንሽ ፕሮግራሞችን አዘጋጅተው ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። አንዳንድ አጽጂዎች እሱንም «ቆሻሻ ፋይል» ብለው ያጠፉታል። ከዚያ ጌሙ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል፣ አንተም አዲስ ቦታ በገባህ ቁጥር ይቆራረጥብሃል። የባሰበት የመሰለህ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ታዲያ ምን ልጫን ካልከኝ፣ የሚያፈጥን ሳይሆን የሚለካ ጫን። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ነጻ ነው፣ የካርዱ ብራንድ ሌላ ቢሆንም ይሠራል፣ አብሮት ከሚመጣው ሪቫቱነር ጋር ደግሞ ጌሙ ላይ የፍሬም ቁጥርን (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ)፣ ሙቀትን፣ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሥራ ጥግ ላይ ያሳይሃል። እሱን ከፍተህ ተጫወት፣ ስታክ ሲያደርግ ዓይንህን ጣል አድርግበት። ካርዱ 97 ወይም 99 በመቶ ላይ ከሆነ አቅሙ እዚያ ነው ያለቀው፣ ሪዞሉሽንና ጥላ ቀንስለት፣ ጌሙ ኤፍኤስአር ወይም ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በትንሽ ሪዞሉሽን ሠርተው የሚያሳድጉ ቅንብሮች) ካለው እሱን አብራ። ካርዱ ግማሽ ላይ ተቀምጦ ፍሬሙ ከወረደ ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ጠርጥር። «መጀመሪያ ደህና ነው» ማለትህ ግን ወደ ሙቀት ያመለክተኛል፦ ሙቀቱ እየወጣ ሲሄድ የፕሮሰሰሩ ወይም የካርዱ ፍጥነት በሜጋሄርዝ ዝቅ ካለ፣ ራሱን ከቃጠሎ እያዳነ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አቧራ መጥረግና ፋኑን ማየት ነው፣ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከአልጋ ላይ አንሥተህ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጠው።

የፍሬም ቁጥሩ አማካይ አያታልልህ። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት አንዷ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ትደርሳለች ማለት ነው። አማካዩ 60 ሆኖ አልፎ አልፎ አንዷ 100 ሚሊሰከንድ ከወሰደች ዓይንህ የሚይዘው ያቺኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን ቋት) የሚያጸዳ ሶፍትዌር ጌም ያፈጥናል?

መልስ፦ አያፈጥንም። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያሉ አጽጂዎችን አይደግፍም። ደግሞ «አጽጂ» ስለተባለ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2017 ሲክሊነር በሚባለው አጽጂ 5.33 ስሪት ውስጥ ሰርጎ ገቦች ተንኮል አዘል ኮድ አስገብተውበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ጋር ደርሷል፣ እሱ እንግዲህ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። የማይታወቀውን አስቡት።

ጥያቄ፦ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛሁ፣ ከድሮው ምንም ልዩነት የለውም። ማፍጠኛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ሳንቲም እንዳታወጪ! ሄርዝ ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ነው፤ ዊንዶውስ አዲሱን ሞኒተር በ60 ሄርዝ ትቶት ይሆናል። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ወደ 144 ቀይሪው። ኬብሉም ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዪ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካሽው ጌሙ የካርዱን ሙሉ ጉልበት ላያገኝ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒ፣ ማለትም ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራው ቅንብር፣ መብራቱንም ተመልከቺ፤ 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር 4 ራም ይሄ ካልበራ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው። አንድ ራም ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ መጨመር ከየትኛውም ማፍጠኛ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ 11ን «አላስፈላጊ ነገር» ሁሉ የሚያጠፋ ስክሪፕት አገኘሁ። ፍሬም ይጨምራል ተብሏል። ላስኪደው?

መልስ፦ ውስጡ ምን እንዳለ አንብበሃል? ካላነበብክ ተወው። እንዲህ ካሉት ስክሪፕቶች አንዳንዶቹ አፕዴትንና ዲፌንደርን (የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ) ጭምር ያጠፋሉ፣ ያጠፉትን መመለስ ደግሞ ራስ ምታት ነው። ከእነሱ ውስጥ እውነት ያለው አንድ ነገር «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባለው የደህንነት ቅንብር ነው። አንዳንድ ፒሲ ላይ ጌምን እንደሚጎትት ማይክሮሶፍት በ2022 ራሱ ተናግሯል፣ ለጌም ማጥፋት እንደሚቻልም ጽፏል፣ ግን ፒሲህ ለጥቃት እንደሚጋለጥ ጨምሮ ነው። መሞከር ከፈለግክ እሱን ብቻ ለይተህ አጥፋ፣ በፊትና በኋላ ለካ፣ ልዩነት ካላየህ ወዲያው አብራው። ልዩነት ካየህም ተጫውተህ ስትጨርስ አብራው።