ተደራጊ ግስ ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ ሪፖርት ስጽፍ «ስብሰባው ተሰረዘ»፣ «ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ» እላለሁ። አለቃዬ «ሁሉንም በአድራጊ ግስ ጻፊው» አሉኝ። ተደራጊ መጠቀም ስህተት ነው እንዴ?

መልስ፦ በፍጹም ስህተት አይደለም። አድራጊ ግስ («ሰረዘ») ድርጊቱን የፈጸመውን ባለቤት ያደርጋል፤ ተደራጊ ግስ («ተሰረዘ») ደግሞ ድርጊቱ የደረሰበትን። ሌባው ካልታወቀ «ስልኬ ተሰረቀ» ከማለት የተሻለ ምን አለ?

ችግር የሚመጣው አድራጊው እየታወቀ ሲቀር ነው። «ማመልከቻዎ ውድቅ ተደርጓል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወዲያው «ማን ነው ውድቅ ያደረገው? ለማንስ አቤት ልበል?» ይላል። ደብዳቤው ይህን ካልመለሰለት ሰውየውን በድሎታል። እዚህ ላይ አለቃዎ ልክ ናቸው።

ብዙዎች ይህን ለማቃናት ከአድራጊው ስም ፊት «በ» ይጨምራሉ። እኔ አልወደውም። «በ» ቦታም፣ ጊዜም፣ መሣሪያም፣ ምክንያትም ያመለክታል። «ሥራው በአዲሱ ኃላፊ ተጓተተ» ሲባል ኃላፊው ራሳቸው አጓተቱት? ወይስ በእሳቸው ሰበብ ተጓተተ? አንባቢው ይገምት ማለት ነው።

«የማወራው ስለ ስብሰባው ነውና እሱ ይቅደም» ይሉ ይሆናል። ለዚህም ቢሆን ተደራጊ አያስፈልግም። «ስብሰባውን ኮሚቴው ሰረዘው» ይበሉ። ስብሰባው ከፊት ቆመ፤ የሰረዘውም አልጠፋም። «ን» እና ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ናቸው ይህን ያስቻሉት። አማርኛ እንዲህ ያለ ጸጋ እያለው የቢሮ ጽሑፍ ለምን እንደሚረሳው ሁሌም ይቆጨኛል።

ብቻ ሁለቱን አይቀላቅሉ። «ስብሰባውን ተሰረዘ» አይባልም፤ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ራሱ ስብሰባው ነውና «ን» አይገባውም። «ሰውየው ገንዘቡን ተሰረቀ» ግን ትክክል ነው። እዚያ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውየው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ምስክሩ ነገ ይሰማል» ላልቶ ከተነበበ ሰሚው ምስክሩ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ እሱን ሌሎች ይሰሙታል። «ይበላል»፣ «ይረሳል»፣ «ይነካል» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በንግግር ድምፅ ይለያቸዋል፤ በጽሑፍ ግን «ምስክሩን ፍርድ ቤቱ ነገ ይሰማዋል» ብሎ መገላገል ይሻላል።

ሪፖርትዎን ሲያርሙ ታዲያ በ«ተ» የጀመረውን ሁሉ አይለውጡ። «ተናገረ»፣ «ተቀበለ»፣ «ተማረ» በ«ተ» ቢጀምሩም ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤቱ ራሱ ነው።