በረዶ ሳላይ በበረዶ ልመረቅ?

ጥያቄ፦ አዳማ የምማር የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የዋልታ ባሕር በረዶን በሳተላይት ራዳር በየዓይነቱ መለየት ነው። አባቴ «እዚህ በሙቀት እየነደድን ምን በረዶ አመጣሽ?» ይለኛል። ጓደኞቼም ይስቁብኛል። ርዕሱን ልቀይር? ሥራስ አገኝበታለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀይሪው። ግን አንድ ነገር ጨምሪበት። የአባትሽ ጥያቄም የዋዛ አይደለም፤ ነገ ቀጣሪ ይደግምልሻል።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። በዋልታ ክረምት ፀሐይ ለወራት አትወጣም። ደመናውም አይጣል ነው። ፎቶ አንሺ ሳተላይት እዚያ ብዙ አይፈይድም። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት፣ ሴንቲኔል 1፣ የሞገድ ርዝመቱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገና አንድ ዓመት ያልሞላው በረዶ ጨው አለው፤ ሞገዱ ብዙም ሳይዘልቅ ከላዩ ይመለሳል። በጋውን ተሻግሮ የቆየው ደግሞ ጨዉ ወርዶለት የአየር አረፋ ይይዛል። ሞገዱ ውስጡ ገብቶ በአረፋዎቹ ይበተናል፤ ምስሉ ላይ ደመቅ ይላል። ልዩነቱ ኤችቪ በሚባለው ቻናል፣ ማለትም አግድም ተልኮ በቁም የሚመለሰው ሞገድ በሚለካበት፣ ይበልጥ ይጎላል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነፋስ ያናወጠው ክፍት ውሃ እንደ በረዶ ይደምቃል። በበጋ የበረዶው ላይ ሲረጥብ አሮጌና አዲሱ አይለይም። ያው አንድ በረዶ እንኳ በምስሉ አንድ ጫፍ ደማቅ፣ በሌላው ጫፍ ጨለም ያለ ነው፤ ሳተላይቱ የሚያይበት ማዕዘን ይለያያላ። ይህን ሳታስተካክይ ካሠለጠንሽው፣ በረዶውን የሚለይልሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም (ሞዴሉ) በበረዶው ፈንታ ማዕዘን ይማርልሻል።

ብዙ ተማሪ የሚሸወደው ግን ፈተናው ላይ ነው። የምስሉን ነጠብጣቦች (ፒክስሎች) አደባልቆ ከፊሉን ለሥልጠና፣ ከፊሉን ለፈተና ያደርጋል። ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎች ደግሞ ይመሳሰላሉ። ሞዴሉ ፈተናው ቀድሞ እንደ ወጣለት ተማሪ ከመቶ ከ95 በላይ ያመጣል፣ ይጨበጨባል። አንቺ ሙሉ ምስል ለይተሽ አስቀምጪ፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ባሕር። ውጤቱ ይወርዳል። ይውረድ፤ ገምጋሚው ሲያፋጥጥሽ የምትመልሺው ይኖርሻል። ሞዴሉ የትኛው የትኛው በረዶ እንደሆነ የሚማርበት መለያ እንዲኖርሽ ኤአይ ፎር አርክቲክ የተባለውን ነፃ ዳታ ተጠቀሚ፤ የዴንማርክና የካናዳ ባለሙያዎች የሠሩት የበረዶ ካርታ ከራዳር ምስሉ ጋር አለው። ካርታው ላይ አንድ ክልል ሁለት ሦስት ዓይነት በረዶ ሊይዝ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ፒክስል በትክክል ተሰይሟል ብለሽ እንዳትጽፊ።

ጨምሪበት ያልኩሽ ቆቃ ነው። ክረምት ላይ ደመናው አይገፈፍም። በ2012 ዓ.ም. ያመጠቅናት ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1ም የያዘችው ካሜራ እንጂ ራዳር አይደለም፤ ካሜራ ደግሞ ደመና ካለ አያይም። በዚያው ሴንቲኔል 1፣ በዚያው የፓይተን ኮድ የግድቡን ውሃና እንቦጩን ለይተሽ አንድ ምዕራፍ አድርጊው። የረጋ ውሃ ይጠቁራል፣ እንቦጩ ይደምቃል፣ ነፋስ ሲነሳ ውሃውም ይደምቅና ያደናግርሻል። ያው የዋልታው ጣጣ እዚህም አለ። በረዶውን ሄደሽ ማየት አትችይም፤ ቆቃ ግን ታክሲ ይዘሽ ሄደሽ ውጤትሽን በዓይንሽ ታመሳክሪያለሽ። አባትሽንም ይዘሻቸው ብትሄጂ አይከፋም።

ስለ ሥራ ልዋሽሽ አልፈልግም። የዋልታ በረዶ ብሎ የሚቀጥርሽ እዚህ የለም። ሲቪሽ ላይ «የራዳር ምስል ትንተና» በዪ፤ በረዶውና ቆቃው ከሥሩ እንደ ማሳያ ይግቡ። ጎርፍ፣ ሰብል፣ የመሬት መንሸራተት የሚከታተሉ መሥሪያ ቤቶችና አማካሪ ድርጅቶች የሚገባቸው ይሄ ነው። በበረዶው መግፋት ካማረሽ የኖርዌዩ ትሮምሶ ዩኒቨርሲቲና ብሬመርሃፈን ያለው አልፍሬድ ቬገነር ተቋም በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ኖርዌይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ታስከፍላለች፤ ያለ ስኮላርሺፕ ማስተርሱን አትሞክሪው። እዚያ ዶክትሬት ደሞዝ ያለው ሥራ ስለሆነ፣ ማስተርሱን በርካሽ ቦታ ጨርሶ ለዶክትሬት ማመልከት ያዋጣል።

ላፕቶፕሽ ደካማ ከሆነ አይጨነቅሽ። አንዱ ምስል በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ለቆቃው ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሥሪው፣ ለትምህርት ነፃ ነው። አሁን ግን ቆቃን ለመጨመር አማካሪሽን አስፈቅጂ፤ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ማስቀየር ራስ ምታት ነው።