መልስ፦ ለቀለበትና ለጆሮ ጌጥ ፎቶ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

እህቴ፣ «ለጌጣጌጥ ፎቶ 24 ሜጋፒክስል ይበቃል ወይስ 45 ልግዛ?» ላልሽው፣ 24ቱ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶው ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነማ 12ም አያንስም። ገንዘብሽን ለሌንሱ አስቀምጪው።

የሚያስፈልግሽ 1 ለ 1 የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ነው፤ 2 ሳንቲሜትር የሆነ ቀለበት ሴንሰሩም (ካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) ላይ 2 ሳንቲሜትር ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። የትኩረት ርቀቱ (ፎካል ሌንግዝ) ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር የሆነውን ምረጪ። አጭር ሌንስ ጌጡን አፍንጫው ሥር ካላስጠጉለት አያጎላም፤ ያኔ የካሜራው ጥላ ያርፍበታል፣ የተወለወለ ብረት ከሆነ ደግሞ ራስሽን ከነካሜራሽ ቀለበቱ ውስጥ ታዪዋለሽ። ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ያለው የአበባ ምልክትም (የቅርብ ፎቶ ማንሻው) ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ካሜራው ሌንሱ የሚቀየር፣ ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል፣ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ ይሁን እንጂ ያገለገለም ይሠራል። ቀለበት አይሮጥ፤ ለፈጣን አውቶፎከስ ምን አስከፈለሽ?

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ግን ግድ ነው። በዚህ ቅርበት ጥርት የሚለው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) 100 አድርጊና በ2 ሰከንድ ታይመር አንሺ። ኤፍ 22 ድረስ ከወሰድሽው በዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በመበተኑ) ምክንያት ምስሉ ይደበዝዛል። ከፊት እስከ ኋላ ጥርት እንዲል ከፈለግሽ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስሽ ደጋግመሽ አንሺና በሶፍትዌር አዋህጂው።

የካሜራውን ፍላሽ እርሺው። መብራቱን በነጭ ስስ ጨርቅ አለዝቢው፤ ዋይት ባላንሱንም (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለም የሚያስተካክለውን) በእጅ አስተካክዪ፣ አለበለዚያ ብሩ ወርቅ መስሎ ይወጣል።