የማንቼ ምርጥ የአጥቂ ጥምረት የቱ ነው? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ማስታወሻ ጋር

ጋሽ ማስታወሻ፦ እንደተባባልነው ዛሬ ስለ ማንችስተር ዩናይትድ የአጥቂ ጥምረቶች የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ጥምረት ያልኩት ሁለት ሰው ነው። ሦስት አይደለም። ሁለተኛ፣ የሁለት ሰው ጎል ደምራችሁ «ይኸው ምርጡ» እንዳትሉኝ። ሁለት ጎበዝ አጥቂ ባንድ ሜዳ ስለሮጠ ጥምረት አይባልም። አንዱ ለሌላው ምን ሠራለት? እሱን አሳዩኝ። በሉ ጀምሩ።

ቀዩ ሰይጣን፦ ጋሼ ሰላም ነው? ቁጥር አንድ ኮልና ዮርክ ናቸው አይደል? ወይስ እኛ የዚያን ጊዜ ልጆች ስለሆንን ይመስለናል?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ሰላም ነው ወንድሜ። ናቸው። ትዝታ ብቻ አይደለም።

ዮርክ ከአስቶን ቪላ የመጣው የ1998/99 ውድድር ከተጀመረ በኋላ ነው፣ በ12.6 ሚሊዮን ፓውንድ። ኮል ደግሞ ከኒውካስል ከመጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። በዚያ ዓመት በሁሉም ውድድር ዮርክ 29፣ ኮል 24 አገቡ። ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተዉት። ኅዳር 1998 ካምፕ ኑ ላይ ከባርሳ ጋር 3 ለ 3 የወጣንበትን ጨዋታ አስቡት። የኮልን ጎል። ኪን ከመሀል ኳሷን ወደ ፊት ላካት። ዮርክ ሊቀበል መጣና ሳይነካት አሳለፋት። ኳሷ ኮል እግር ላይ ደረሰች። ኮል በአንድ ንክኪ ሰጠው፣ ዮርክ በአንድ ንክኪ መለሰለት። ተከላካዮቹ ኳሷን በዓይን ሲፈልጉ ኮል ከበረኛው ጋር ብቻውን ቆሟል። ዮርክ ያሳለፋት ኮል ከኋላው እንዳለ አይቶ አይደለም። እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው።

በዚያው ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ቱሪን ላይ ደግሞ ከጁቬ ጋር ኢንዛጊ ገና በጊዜ ሁለት አገባብን። ኪን አንድ መለሰ። ሁለተኛውን ዮርክ በግንባሩ ሲያገባ ያሻገረለት ኮል ነበር። ሦስተኛውን ኮል ሲያገባ በረኛውን አልፎ መንገዱን የከፈተለት ዮርክ። አንዱ ለሌላው ሠራ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሁለቱም ሁለቱንም ሥራ ይችሉ ነበር። አንዱ ወደ ኳስ ሲመጣ ሌላው ከተከላካይ ጀርባ ይሮጣል። በሚቀጥለው ደቂቃ ይቀያየራሉ። መሀል ተከላካዩ የትኛውን ይከተል? ቤካምና ጊግስ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ኳስ ያሻግራሉ። ይህንንም እንዳትረሱ።

ደረቅ ቁጥር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በሊግ ብቻ ካየን እኮ ቀጣዩ ዓመት ይበልጣል። በ1998/99 ዮርክ 18 ኮል 17፣ ድምር 35። በ1999/2000 ዮርክ 20 ኮል 19፣ ድምር 39። ታዲያ ምርጡ ዓመታቸው ሁለተኛው አይደለም?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ደምራችሁ አትምጡብኝ አልኩ፣ ደምረህ መጣህ። ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሊጉን በ18 ነጥብ ልዩነት ነው የወሰድነው። ማንም አልተፎካከረንም። በአውሮፓ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ሪያል ማድሪድ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 3 ለ 2 አሸንፎን ሄደ። የኛን ሁለት ጎል ያገቡት ቤካምና ስኮልስ ናቸው። ጥምረት የሚለካው በሩ ጥርቅም ሲል ነው፣ ክፍት ሲሆንማ ሁሉም ይገባል።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ማንቼ አጥቂዎች ምን ትላለህ?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ስለየትኛው? በየትኛው ዘመን? ጥያቄ ጠይቀኝ ልጄ።

ሰሜን በር፦ ሩኒ፣ ሮናልዶና ቴቬዝስ? በ2007/08 በሁሉም ውድድር ሮናልዶ 42፣ ቴቬዝ 19፣ ሩኒ 18 ጎል። የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫም አለ።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ሦስት ናቸው።

ሰሜን በር፦ እሺ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥልን።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ስትቀንሳቸው ይፈርሳሉ። ሮናልዶ ያን ሁሉ ያገባው ሩኒና ቴቬዝ ስለሮጡለት ነው። ሌላ ጥያቄ።

ካሪንግተን፦ ቴቬዝን ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል። ማንችስተር ሲቲ ሄዶ ያን የእንኳን ደህና መጣህ ቢልቦርድ ያሰቀለብን ሰውዬ!

ሰሜን በር፦ ቢልቦርዱን የሰቀለው ክለቡ እንጂ እሱ አይደለም። ደግሞ ለሁለት ዓመት የሮጠልንን ሩጫ የሚያህል ማን ሮጠልን?

ካሪንግተን፦ ሩጫ ካልክ ፓርክ ጂ ሱንግ አለ። እሱ ደግሞ ወደ ጎረቤት አልሄደም።

ሰሜን በር፦ ፓርክ አጥቂ ነው እንዴ?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ኧረ ተዉ። የቴቬዝን ዝውውር ለሌላ ቀን አቆዩት።

መድፈኛው፦ እንግዳ ነኝ አትቆጡኝ። ኦንሪና ቤርካምፕ እያሉ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን?

ጋሽ ማስታወሻ፦ አልቆጣም። የዛሬው ርዕስ ዩናይትድ ነው። በ1999ኙ የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቤርካምፕ የሳታትን ፍጹም ቅጣት ምት ግን ከበረኛችን ከሽማይክል ጋር በደስታ እናስታውሳለን።

መድፈኛው፦ ወጣሁ።

ፀጉረ ጨርቅ፦ ጋሼ፣ ኮልና ሸሪንግሃም አይነጋገሩም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ማስታወሻ፦ እውነት ነው። ኮል ራሱ ተናግሮታል። በ1995 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር፣ ከዩራጓይ ጋር። ሸሪንግሃምን ተክቶ ሲገባ እጁን ዘረጋ፣ ሸሪንግሃም አልጨበጠውም። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ በዩናይትድ ማልያ አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ ንግግር የለም። ግን ኳስ ይቀባበሉ ነበር።

ፀጉረ ጨርቅ፦ እና ጓደኝነት አያስፈልግም ማለት ነው?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ኮልና ዮርክ ወዳጆች ነበሩ፣ ይጠቅማል። ኮልና ሸሪንግሃም ተኳርፈው አገቡ፣ አይከለክልም። ከዚህ በላይ ሐሜት ነው።

ቁጥር ሰባት፦ ካንቶናና ሂዩዝ ለምን አይነሱም? የኔ ምርጫ እነሱ ናቸው።

ጋሽ ማስታወሻ፦ መልካም ምርጫ። ሂዩዝ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ሲይዝ ማንም አይነጥቀውም። ሁለት ተከላካይ ተጭኖበት እንኳ ይቆማል። ካንቶና የሚፈልገው ያንን ጊዜ ነው፣ ቀና ብሎ የሚያይበትን ትንሽ ፋታ። በ1993/94 ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፕን ስንወስድ ሁለቱም በዚያ መንገድ ነው የተጫወቱት። በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ኦልድሃም ሊጥለን ተጨማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሂዩዝ ያቺን ቮሊ ባይመታ ዋንጫም የለ። በፍጻሜው ቼልሲን 4 ለ 0 ስናሸንፍ ካንቶና ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ ሂዩዝም አንድ ጨመረ።

ተከላካዩ፦ ካንቶና ግን አጥቂ አይደለም። ከአጥቂ ጀርባ ነው የሚጫወተው።

ቁጥር ሰባት፦ 25 ጎል ያገባ ሰው አጥቂ ካልሆነ ምንድን ነው? በረኛ?

ተከላካዩ፦ ቦታና ጎል የተለያየ ነገር ነው አቦ። ስኮልስም በ2002/03 ሃያ አግብቷል። አጥቂ ልትለው ነው?

ቁጥር ሰባት፦ ካንቶናን ከስኮልስ ጋር አታወዳድርብኝ።

ተከላካዩ፦ ለምን? ስኮልስ ያንሳል?

ጋሽ ማስታወሻ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ከጀርባ የሚጫወት አጥቂም ከፊት ካለው ጋር ጥምረት ይሠራል። ጥንድ ማለት ጎን ለጎን መቆም አይደለም።

ፓውንድ፦ ቫን ኒስተልሮይና ሶልሻየር?

ጋሽ ማስታወሻ፦ 2001/02። በሊግ ሩድ (ቫን ኒስተልሮይ) 23፣ ኦሌ (ሶልሻየር) 17። ጥሩ ነበሩ። ዋንጫ የለም፣ ሦስተኛ ወጣን። ሩድ በ219 ጨዋታ 150 ጎል ያገባ ሰው ነው። ከጎኑ ማንም ቢቆም ያገባል።

ሃያኛው ዋንጫ፦ ሩኒና ቫን ፔርሲስ? በቪላ ላይ ያቺን ኳስ!

ጋሽ ማስታወሻ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሚያዝያ 2013፣ ሃያኛውን ዋንጫ ያረጋገጥንበት ምሽት። ሩኒ ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ ረጅም ኳስ ላከ። ቫን ፔርሲ በትከሻው ላይ አሻግሮ እያያት መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት። እንደሷ ዓይነት ጎል ደግሜ አላየሁም። ግን ሩኒ በዚያ ምሽት የት ነበር የሚጫወተው? ከካሪክ ጎን፣ አማካይ። የዓመቱ ታሪክ ይሄው ነው። ቫን ፔርሲ በሊጉ 26 አገባ፣ ሩኒ እያደር ወደ ኋላ ተመለሰ። ድንቅ ማቀበል ነው፣ ድንቅ ጎል ነው። ጥምረት ግን አልለውም።

ሃያኛው ዋንጫ፦ ጋሼ ይህ እንኳ ግትርነት ነው።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ይሁን።

ሰሜን በር፦ ሩኒና ሮናልዶ ብቻ ቢሆኑስ? ቴቬዝን አወጣሁልህ።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ከላይ መልሻለሁ።

የድሮ ፎቶ፦ ጋሼ፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት የቤስት፣ የሎውና የቻርልተን ሐውልት አለ። እነሱን እንዴት ያዩዋቸዋል?

ጋሽ ማስታወሻ፦ እግዜር ይስጥህ፣ ወደምፈልገው አመጣኸኝ። ሐውልቱ ሦስት ሰው ነው፣ ይገባቸዋልም። ቤስት ግን የክንፍ ተጫዋች ነው። ቻርልተን በዚያ ሰዓት ወደ መሀል ገብቷል። የሎው የአጥቂ ጓደኛ ማን ነበር? ዴቪድ ኸርድ። ስንቶቻችሁ ስሙን ታውቃላችሁ?

ኸርድን አሰልጣኙ ማት ባስቢ ከአርሰናል ያመጣው በ1961 ነው። በዓመቱ ሎው ከቶሪኖ በ115 ሺህ ፓውንድ መጣ፣ በወቅቱ የእንግሊዝ ሪከርድ። በ1962/63 በሊጉ 19ኛ ነው የወጣነው፣ ከመውረድ ለጥቂት ተረፍን። በዚያው ዓመት ግን ዌምብሌይ ላይ ሌስተርን 3 ለ 1 አሸንፈን የኤፍ ኤ ካፕን ወሰድን። ማን አገባ? ሎው አንድ፣ ኸርድ ሁለት። በረኛው ደግሞ ጎርደን ባንክስ ነበር፣ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሎው በመጀመሪያው ጎል ኳሷን ተቀብሎ ባንድ ዙር ተከላካዩን ትቶ ሲመታት ብታዩት። ኸርድ ሁለቱንም ያገባው በረኛው ከእጁ ያወጣውን ኳስ ቀድሞ ደርሶበት ነው።

ኸርድ ጉልበተኛ ነው፣ ምቱም ከባድ። መሀል ተከላካዩን ይዞ ይቆማል። ሎው በጎን ሾልኮ ይገባል፣ ለቁመቱ የማይታመን ዝላይ ነበረው። በ1963/64 ሎው በሁሉም ውድድር 46 ጎል አገባ። እስካሁን በአንድ ዓመት ይህን ያህል ያገባ የዩናይትድ ተጫዋች የለም። ለዚያ 46 ቦታ የከፈተው ማን ይመስላችኋል? ኸርድ ራሱ በዩናይትድ 145 ጎል አለው፣ በ265 ጨዋታ።

ታዲያ ለምን ተረሳ? መጋቢት 1967 ከሌስተር ጋር ስንጫወት ኳሷን ጎል ሲመታ እግሩ ተሰበረ። ጎሉ ገባ፣ እሱ ግን እንደ ድሮው ሆኖ አልተመለሰም። በ1968 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ቤንፊካን 4 ለ 1 ስናሸንፍ ጎሎቹ የቻርልተን፣ የቤስትና የኪድ ናቸው። ሎው ጉልበቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ነበር። ኸርድም ሜዳ ላይ የለም። የሎው ስም የማይጠፋ ስለሆነ ሐውልት ቆመለት፣ በ2025 መጀመሪያ ሲያርፍም ዓለም አለቀሰለት። ኸርድን ግን የዋንጫው ፎቶ ላይ ስለሌለ ከጥምረቱ አወጡት። እኔ ሁለተኛ የማስቀምጠው ይህን ጥንድ ነው። አንዳንድ ቀን አንደኛ።

ደረቅ ቁጥር፦ ሮውሊና ፒርሰንስ? በ1951/52 በሊግ 30 እና 22 ነው። ከ1911 ወዲህ የመጀመሪያውን ሊግ ያመጡት እነሱ ናቸው።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ልክ ነህ። ደመርክ፣ ግን ይቅርታ ተደርጎልሃል።

አዲስ ገቢ፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን ጥያቄ አለኝ። ከሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ በፊት የነበረው ቡድን ጥሩ አጥቂ ጥንድ ነበረው?

ጋሽ ማስታወሻ፦ አየህ፣ ይህ ጥያቄ ይባላል። ቶሚ ቴይለርና ዴኒስ ቫዮሌት። ባስቢ ቴይለርን ከባርንስሊ በ29,999 ፓውንድ ገዛው። «የ30 ሺህ ፓውንዱ ልጅ» እየተባለ እንዳይጨነቅ አንዷን ፓውንድ አስቀነሳት። በግንባር ኳስ የሚችለው የለም። ቫዮሌት ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብልጥ። መስከረም 1956 አንደርሌክትን 10 ለ 0 ስናሸንፍ ቫዮሌት አራት፣ ቴይለር ሦስት አገቡ። ጨዋታው በሲቲ ሜዳ በሜይን ሮድ ነው፣ የኛ ሜዳ ገና የማታ መብራት አልነበረውም። ቴይለር በ1958 ሙኒክ ላይ ሞተ። ቫዮሌት ተርፎ በ1959/60 በሊግ 32 ጎል አገባ።

አዲስ ገቢ፦ 32? የክለቡ ሪከርድ ነው?

ጋሽ ማስታወሻ፦ በአንድ የሊግ ዘመን፣ አዎ። እስከ ዛሬ። ሰሜን በር ስለ 2007/08 ብዙ ስለጠየቀኝ ይህን ልንገረው፦ ሮናልዶ በዚያ ዓመት በሊግ ያገባው 31 ነው።

ሰሜን በር፦ አንድ ጎል!

ካሪንግተን፦ ቴቬዝ ቢያቀብለው ኖሮ።