ጡረታ ወጣሁ፣ ስኳሬ ግን አልረጋ አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 60 ዓመቴ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። የስኳር ሕመም ካገኘኝ ቆይቷል። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ሥራ ላይ እያለሁ ደህና ነበርኩ። ድሮ 12 ሰዓት ተነስቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ቢሮ ድረስ 25 ደቂቃ በእግሬ እሄድ ነበር። አሁን ከ3 ሰዓት በፊት አልነሳም። ሻይ ብቻ ጠጥቼ መድኃኒቴን እውጣለሁ። ምሳ 8 ሰዓት፣ እራት 4 ሰዓት ሆኗል። ጠዋት ስለካው ስኳሬ እስከ 190 ይደርሳል። ከምሳ በፊት ግን ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍም እምቢ ስላለኝ ማታ ማታ አንድ ሁለት ቢራ እጠጣለሁ። ባለቤቴ "ነጭናጫ ሆነሃል" ትለኛለች። መድኃኒት ይጨመርልኝ ይሆን? (ጡረተኛው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳን ለጡረታ አበቃዎት። መድኃኒት ይጨመር ለሚለው መልሴ ለጊዜው አይሆንም ነው። እንዲያውም አሁን ቢጨመርልዎ የሚያሰጋኝ ከምሳ በፊት ያለው ላብና መንቀጥቀጥ ነው። ከ190ው ይልቅ ቶሎ መፈታት ያለበት እሱ ነው።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ሆድዎ ውስጥ ምግብ ይኑር አይኑር አያጣራም። ድሮ ከቁርስ ጋር ይወስዱት ስለነበር የሚሠራበት ምግብ ያገኝ ነበር። አሁን 3 ሰዓት ላይ በሻይ ብቻ ይውጡታል፤ እስከ 8 ሰዓት ምግብ የለም። በዚህ መሃል ስኳርዎ ይወርዳል። ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ ከነጭናጫነቱ የተወሰነውም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤትዎን ለጊዜው አይቀየሟቸው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ ቁርስ፣ ከዚያ መድኃኒት። ቁርስ ማለት ሻይ አይደለም። እንቁላል በዳቦ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ገንፎም ይሆናል። አንድ ቀን ምግብ እምቢ ካለዎት የዚያን ጠዋት ግሊቤንክላማይድ በባዶ ሆድ አይውጡት። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፤ እሱም ቢሆን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ለሆድ ይስማማል።

ላቡ ሲጀምርዎ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው አጠገብዎ ከሌለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር የሌለበት ዓይነት ግን አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙት። ሲሻልዎ ምግብ ይብሉ፣ ምክንያቱም ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊጥልዎ ይችላል። ለቤተሰብዎም ይንገሩ፦ ራስዎን ከሳቱ አፍዎ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

የጠዋቱ 190 ከየት መጣ ካሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የ4 ሰዓቱን እራት ነው። በልተው ብዙም ሳይቆዩ ይተኛሉ። እራቱን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይመልሱት፤ እንጀራውንም ቀነስ ያድርጉ። ሁለተኛው ምክንያት እግርዎ ነው። 25 ደቂቃ ደርሶ መልስ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ 250 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ በሳምንት ይመክራል። እርስዎ ሳያስቡት ከዚያ በላይ ይሠሩ ነበር፤ በጡረታው ማግስት ቀረ። ልጆች ደግሞ "አባዬ፣ አሁንስ አርፈህ ተቀመጥ" ይላሉ። በፍቅር የሚሰጥ መጥፎ ምክር ነው። ጠዋት ቁርስ በልተው ያንኑ ያህል ይራመዱ፤ አዳማ ፀሐዩ ሳይበረታ ቢሆን ይሻላል። ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።

ቢራውን እንነጋገርበት። እንቅልፍ ያመጣል፣ እውነት ነው፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን ይቆራርጠዋል። ከዚህ የሚብሰው፣ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግድ ከእርስዎ መድኃኒት ጋር ሌሊት ስኳርዎን ሊያወርደው ይችላል። ተኝተው ደግሞ ላቡን አያውቁትም። ስኳሩ እስኪስተካከል ቢተዉት እመርጣለሁ። 12 ሰዓት ይነሱ፤ መጀመሪያ ሰሞን ቢከብድም ማታ እንቅልፉ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብዎ።

ስሜትዎን በተመለከተ ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ። ከምግቡና ከእንቅልፉ ውጭ፣ ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር ሁሉ አስጠልቶዎታል? ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በአብዛኛው ቀን እንደዚያ ከሆነ "ዕድሜ ነው" ብለው አይተዉት። ድብርት ይሆናል፤ ይታከማል፤ ስኳርንም ያበላሻል። መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። እንዲሁ ቢሮውና ጓደኛው ናፍቆዎት ከሆነ ግን ክኒን አያስፈልገውም። ሒሳብ አዋቂ ሰው ለዕድርና ለዕቁብ ይፈለጋል፤ ጸሐፊነቱን እምቢ አይበሉ።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። የኩላሊት ምርመራና የሦስት ወር አማካይ ስኳር ይታዘዝልዎ። ኩላሊት ከደከመ ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። በዕድሜ ከፍ ላሉ ሰዎች በሌላ መድኃኒት የምንቀይረውም ብዙ ጊዜ ነው፤ ይህንን እርስዎ ራስዎ ያንሱላቸው። የሚጾሙ ከሆነም ጾሙ ሳይገባ ይንገሯቸው፣ የክኒኑ ሰዓትና መጠን አብሮ መታየት አለበት። እስከዚያው ድረስ መቼ እንደበሉ፣ መቼ እንደዋጡና ስኳሩ ስንት እንደነበረ በደብተር ይመዝግቡ። ላቡ ቁርስ እየበሉም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።