ከጤፉ ጆንያ ጀርባ የተደበቀው ሱሪ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 8 ዓመት ሊሞላው ነው። ከአምና ወዲህ ቀን ቀን ሱሪውን ሰገራ እያስነካ ይመጣል፤ ሌሊት ደግሞ በሳምንት 3 እና 4 ቀን አልጋው ላይ ይሸናል። «አሜባ ነው» ተብሎ ሁለት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ቢወስድም ለውጥ የለም። ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ ጠባዩ ነው። የቆሸሸውን ሱሪ ጠቅልሎ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ይደብቅና «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ይላል። ታናሽ እህቱን ይመታል። ቁርአን ቤት አልሄድም ብሏል። አባቱ «ሆን ብሎ ነው» እያለ ይገርፈዋል። እኔም አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ ቡና ሊጠጡ በመጡ ጎረቤቶች ፊት ሱሪውን ዘርግቼ አሳየሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያይም።
የሐይቋ እናት

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤ የቀረው ያ ጆንያ ጋ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርግ ልጅ ምን አስደበቀው? የሚደብቅ ያፈረ ልጅ ነው።

ሕፃናት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «በስንት ቀን አንዴ ነው በደንብ የሚወጣው?» ብዬ ነበር። እናቶች «ኧረ ሲስተር፣ እሱስ ተቅማጥ ነው ያለበት!» ይሉኛል። ሆዱን ስዳብሰው ግን በስተግራ፣ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ድንች የጠጠረ ነገር እጄ ላይ ይመጣል። ድርቀት ነው። ልጁ ሰገራውን ሲይዝ ሲይዝ ይደርቅና ይከማቻል፤ አንጀቱ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ አንጀት ደግሞ «መጣ» የሚለውን ስሜት ያጣል። ከላይ የሚወርደው ቀጭኑ በጎን በጎን እየሾለከ ሱሪውን ይነካል። ሲወጣ አይሰማውም፤ ሽታውንም አፍንጫው ለምዶታል። ስለዚህ ያ «እኔ አይደለሁም» ግማሹ እውነት ነው። የሞላው አንጀት ፊኛውንም ስለሚጫነው የሌሊቱ ሽንት ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ለምን ይይዛል? አንዴ ሲያምጥ አሞት ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤትም ሄደሽ እዪው፤ በሩ ካልተዘጋ፣ ውሃ ከሌለው አንቺም ብትሆኚ ትይዢ ነበር። ደግሞ አምና ቤታችሁ ምን እንደተለወጠ አስቢ። ሌሊት ከ6 ወር በላይ ሳይሸና ቆይቶ የተመለሰበት ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ንገሪው።

ወደ ጠባዩ ልምጣ። ሰገራ ከሚያመልጣቸው ልጆች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት የስሜት ወይም የጠባይ ችግር አለባቸው፤ ሌሊት ብቻ ከሚሸኑት ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ። ለብዙዎቹ ቁጣውና መሸሹ የሚመጣው ከሐፍረቱ ነው፤ ሱሪው ሲደርቅ ጠባዩም ይለዝባል። ሁሉም ግን እንዲያ አይደለም፤ ከድሮም እረፍት የለሽ፣ ነገር የማይጨርስ ልጅ ከነበረ ለእሱም ለብቻው እርዳታ ይፈልጋል።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ኩታበር አያቴ ቤት ሳድግ እስከ 11 ዓመቴ እሸና ነበር። አያቴ አጎዛዬን በየጠዋቱ የድንጋይ አጥሩ ላይ ታሰጣዋለች፤ ውሃ ሊቀዳ የሚወርደው ሁሉ ያየዋል። «ሽንታም!» በአማርኛችን ቃሉ ፈሪም ማለት ነው፤ በአንድ ቃል ሁለት ስድብ። አባቴም ልጅ ሳለ ይሸና እንደነበር የሰማሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የሌሊት ሽንት በዘር ይሄዳል፤ ከእናትና ከአባት አንዱ ከነበረበት ከ10 ልጆች 4 ያህሉን ይይዛል። አማትሽን እስቲ በቀስታ ጠይቂያቸው፤ ገራፊው ራሱ ምን እንደነበር ይወጣ ይሆናል!

ደሴ ወስደሽ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው። የተከማቸው መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ ተልባው፣ ፓፓያው፣ ጎመኑ ጥሩ ነው፣ ለብቻው ግን ያንን አይገፋውም። ከዚያ የሚያለሰልሰው መድኃኒት ለወራት ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው በሳምንቱ «ተሻለው» ብሎ ያቆምና ይመለስበታል። ከቁርስና ከእራት በኋላ አንጀት ስለሚነቃ 5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ወጣም አልወጣም መቀመጡን አመስግኚው። ቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ሱሪ በጥቁር ፌስታል ይኑር፤ አስተማሪውንና ኡስታዙን ለብቻ አነጋግሪ። ቀን ውሃ አትከልክዪው፤ ማታ ቡና ላይ የሚጠጣው ሻይ ግን ይቅር። ውሃ ጥሙ ከበዛ፣ ከከሳ፣ ሽንት ከበዛበት በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይለካ። ሲሸና ካመመው፣ ወይም አካሄዱ ከተለወጠና እግሩ ከደከመ አትዘግዪ።

ዱላው ዛሬ ይቁም፤ ላልተሰማው ነገር የሚገረፍ ልጅ የበለጠ መያዝና መደበቅ ነው የሚማረው። ማታ ስታስተኚው «ያን ቀን ሰው ፊት ያደረግኩት ልክ አልነበረም» በዪው። መልስ አትጠብቂ። ነገ ከጆንያው ጀርባ ሱሪ ካገኘሽ ዝም ብለሽ እጠቢው፤ ስታሰጪውም በጓሮ በኩል፣ መንገደኛ በማያይበት ይሁን።