ያለፉትን ስድስት ወራት አትሙያቸው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቆዳ ፋብሪካ ከተቀጠርሽ ገና ወር አልሞላሽም። ተቆጣጣሪዎች በቅርቡ ይመጣሉ ተብሏል። ካንቺ በፊት የነበረው ባለሙያ የፍሳሽ መዝገቡን ስድስት ወር ባዶ ትቶት ሄዷል። አለቃሽ «ቁጭ ብለሽ ሙዪው» ብሎሻል። ምን ይመዘገባል፣ ይሄንን ክፍተትስ ምን ላድርገው ነው ያልሽው።

እኔ ሞጆ አካባቢ በቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የምልሽ፦ አትሙዪው።

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቦታ ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን ገልጣ ጣቷን በፒኤች (የፍሳሹ አሲድነት ልክ) ዓምድ ላይ ወደ ታች አወረደች። 7.6፣ 7.6፣ 7.6። ሃያ አንድ ቀን። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ወረቀቱ ላይ የውኃ ጠብታ እንኳ የለም። ምንም አልተናገረችም። ዘግታ የኬሚካል መጋዘኑን ደረሰኝ ጠየቀች። በነዚያ ቀናት ለማጣሪያው የወጣ ኬሚካል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ውጤቶቻችንን እንኳ ማንም አላመነንም። የሌሊት ሺፍት ኦፕሬተራችን ግን የራሱ ደብተር ነበረው። ጠርዙ በኖራ ነጭቷል። «መብራት ጠፋ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 11። አየር መስጫው ቆሟል» ይላል። የታመነልንና ያዳነን እሱ ደብተር ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 መዝገብ አለመያዝንም ሆነ መዝገብን አጭበርብሮ መለወጥን ራሱን የቻለ ጥፋት ያደርገዋል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው የራሱ የውስጥ ክትትል እንዲኖረው፣ የሚያመነጨውን በካይና ያስወገደበትን መንገድ በጽሑፍ እንዲይዝ ያስገድዳል። ፊርማው ያንቺ ስለሚሆን ጣጣውም ወዳንቺ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ፋብሪካ ላይ የሚጎድለው የላብራቶሪ ውጤት አይደለም፤ የፍሳሹ መጠን ነው። ክሮም (ቆዳ ማልፊያው ኬሚካል ውስጥ ያለው ብረት) በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን 400 ሜትር ኩብ ቢወጣ፣ ወንዙ 1.6 ኪሎ ክሮም ይቀበላል። አንድ ሰው 400 ሜትር ኩብ የቧንቧ ውኃ ቢጨምርበት ውጤቱ 2 ሚሊ ግራም ይሆንና ለቆዳ ፋብሪካ የተቀመጠው ጣሪያ ላይ ያርፋል። ወንዙ የሚቀበለው ግን ያው 1.6 ኪሎ ነው። ከታች ጎመን የሚያጠጣው ገበሬ የተለየ ነገር አላገኘም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የዚያን ቀን የፍሳሽ መጠን ይጻፍ።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መውጫ ቦዩ ላይ 90 ዲግሪ ተደርጎ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ ይገጠማል። ከላሜራው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ውኃው ረጋ የሚልበት ቦታ ላይ ማስመሪያ ትተክያለሽ። ውኃው ከቪው ጫፍ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከቆመ በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ እያለፈ ነው። 15 ከደረሰ 12 ሊትር ይሆናል። አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ግን ወደ ሦስት እጥፍ! ለዚህ ነው በዓይን ግምት አትጻፊ የምልሽ።

ናሙና ላይ አንድ ባልዲ ቀድቶ መላክ አይበቃም። ፀጉር የሚያራግፈው የኖራና የሰልፋይዱ ድራም የሚፈስበት ሰዓትና የክሮሙ ድራም የሚፈስበት ሰዓት ይለያያል። በየሰዓቱ እየቀዳሽ እንደ ፍሳሹ መጠን አዋህጂ። ፒኤችና ሙቀት እዚያው ቦዩ ዳር ይለካሉ፤ ላብራቶሪ እስኪደርሱ ይለወጣሉ። የሲኦዲ (በካዩን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን) ጠርሙስ ሰልፈሪክ አሲድ፣ የጠቅላላ ክሮም ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይገባበታል። የሰልፋይዱ ጠርሙስ ውስጥ ግን አሲድ በፍጹም! ሰልፋይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ጋዙ ሰው ይገድላል፣ ውጤቱም ዜሮ ይመጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ቦይ በወረቀት ላይ «ሰልፋይድ የለም» ተብሎ አይቻለሁ። ለእሱ ዚንክ አሲቴትና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የሚገባው። የቢኦዲ (ተሕዋስያን በካዩን ሲበሉ የሚፈጁት ኦክስጅን) ናሙና በበረዶ ይሄዳል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ሥራው መጀመር አለበት። አርብ ከሰዓት አትላኪ፣ ቅዳሜና እሁድ ተቀምጦ ይበላሻል።

ብዙ ሰው የማያስበው የኛ አገር ጣጣ አለ፤ ቀንና ሰዓት። ኦፕሬተሩ «መስከረም 12፣ 3 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ላብራቶሪው «ሴፕቴምበር 22፣ 11:00» ብሎ ይቀበላል። ናሙናው በሁለት ሰዓት ደርሷል፤ ወረቀቱን የሚያነብ እንግዳ ሰው ግን የስምንት ሰዓት ልዩነት ያያል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱ ላይም «ከጠዋቱ» «ከሌሊቱ» የሚል ይጨመር። የቀዳው ሰው፣ ያደረሰው ሰው፣ የተቀበለው ሰው ይፈርሙ። ስሕተት ሲኖር በአንድ መስመር ይሰረዝና ፊርማ ይደረግበት፤ በነጭ ቀለም አይሸፈን። ፒኤች ሜትሩ በየትኛው በፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ ማስተካከያ ፈሳሽ) እንደተስተካከለም ይመዝገብ። የዝቃጩ ክብደት፣ የወሰደው መኪና ታርጋና የተጣለበት ቦታም እንዲሁ።

ስለ ስድስቱ ወራት፦ አንድ ገጽ ውሰጂና «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በየዕለቱ የተመዘገበ ልኬት የለም» ብለሽ ጻፊ። ምክንያቱን፣ አንቺ ሥራ የጀመርሽበትን ቀንና እርምጃውን ጨምሪ። አለቃሽም ይፈርምበት። ከዚያ በእውነት ያለውን ሰብስቢ። የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የኬሚካል መጋዘን ወጪ፣ የጥገና ደብተር አይጠፋም። ናሙና ተልኮ ከነበረ ላብራቶሪው ቅጂ ሊኖረው ስለሚችል ደውለሽ ጠይቂ። አለቃሽ አልፈርምም ካለ ገጹን በደብዳቤ ቁጥር አስገቢና ቅጂውን ያዢ። ይሄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንጀራ ነው። ግን ከፈጠራ ቁጥር በታች ስምሽን አታስቀምጪ።

የመውጫ ቦያችሁን ስፋትና ጥልቀት ለክተሽ ከነፎቶው ላኪልኝ። ላሜራው በምን ልክ እንደሚቆረጥ እነግርሻለሁ።